ለፍጥነት የተፈቀደ ሜዳ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ፣ አባላት ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ በዕረፍት ጊዜያቸው ስለሚያዘወትሩት ነገር እንዲናገሩ ጥሪ ባደረገ ጊዜ፣ አንዱ ስለ ንብ እርባታ፣ ሌላው ስለ ቼዝ፣ ሌላውም ስለ ፎቶግራፍ ለመናገር ስሙን አስመዘገበ። እኔ ግን ጥቂት አመነታሁ። ምክንያቱም የእኔ ጨዋታ የመኪና እሽቅድድም በመሆኑ፣ መንገድ የሚሠራና በመንገድ ላይ ስለሚደርሰው አደጋ ሌሎችን የሚመክር መሐንዲስ ስለ እሽቅድድም ሲያወራ መስማት ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ፣ ለሌሎቻችሁም ነውር መስሎ ይታያል ብዬ ስለ ፈራሁ ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ ኦሞ፣ በተለይም በኦሞ ወንዝ ዳር በምትገኘው በዱስ መንደር አካባቢ የደረሰብኝ ነገር ዝም እንድል አልፈቀደልኝም።

ለመናገር የምፈልገው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ፍጥነት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ተጠይቆ የተፈቀደለትና ዙሪያው የተከለለ ቦታ ያስፈልገዋል። ከዚያ ቦታ የወጣ ፍጥነት፣ የሾፌሩ ችሎታ ምንም ያህል ቢሆን፣ ሳያስፈቅዱ የሌላውን ሰው ሕይወት መበደር ነው።

አውቶክሮስ ምንድን ነው?

አውቶክሮስ የሚለው ቃል በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች በሣር ወይም በአፈር ሜዳ ላይ ለጊዜው በተዘጋጀ ዙር የሚደረግ ውድድር ማለት ነው። በአሜሪካ ግን ሰፊ በሆነ የመኪና ማቆሚያ ወይም አገልግሎቱን ባቆመ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሾጣጣ የፕላስቲክ ምልክቶች ይደረደሩና፣ መኪኖች ተራ በተራ፣ አንድ በአንድ፣ በምልክቶቹ መካከል እየተጠማዘዙ ሲያልፉ ሰዓት ይያዝላቸዋል። በዚያ አገር ስፖርቱን ከሚመሩት ድርጅቶች አንዱ በ1944 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ሲሆን፣ ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሻምፒዮና ያዘጋጀው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በክለቡ ደንብ መሠረት አንድ ምልክት የገጨ ሾፌር በሰዓቱ ላይ 2 ሴኮንድ ይጨመርበታል። አንዱ ሙከራ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

እኛ የምንጫወተው የአሜሪካኑን ዓይነት በአውሮፓውያኑ ሜዳ ላይ ነው፤ ይኸውም በአፈር ላይ፣ ነገር ግን አንድ መኪና ብቻ፣ ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደመ ማለት ነው። ከፊት የሚቀደም፣ ከኋላም የሚያሳድድ የለም።

የመኪና ውድድር ለአገራችንም ሆነ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪናውን እየነዳ አዲስ አበባ ደርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያቀርብ፣ ከጀርመን የመጣ ሌላ መኪናም በዚያው ዘመን ደርሷል። ስለዚህ አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው እንደ እሽቅድድም በሆነ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የሚባለው ውድድር በደጋው መንገዶቻችን ላይ ይካሄድ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያ የሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ በ1945 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለዳግማዊት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን መታሰቢያ ሆኖ ተጀመረ፤ ከዓለም ሻምፒዮናው ከ1994 ዓ.ም. በኋላ ቢወጣም በ2013 ዓ.ም. ተመልሶ ገብቷል።

እነዚህ ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው የሚጠይቁ ውድድሮች ናቸው። አውቶክሮስ የሚጠይቀው አንድ ጤነኛ መኪና፣ አንድ የተፈቀደ ሜዳና አንድ ሰዓት ነው። የእኔ መኪና ሁላችሁም የምታውቋት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ፣ በተለምዶ ዲኤክስ የምትባለዋ ናት።

ከባለ ታክሲው የተማርኩት

ጨዋታውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ስድስት ጓደኛሞች ሆነን የአንድ ፋብሪካ ባለቤት ግቢውን እሑድ ጠዋት እንድንጠቀምበት ስለ ፈቀደልን፣ በሾጣጣ ምልክት ፈንታ ውኃ የተሞሉ ቢጫ ጀሪካኖችና አሮጌ ጐማዎች እየደረደርን እንሽቀዳደም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ሁሉ አስታውሼ እንደማሸንፍ አልተጠራጠርኩም። ነገር ግን የእኔኑ ዓይነት ዲኤክስ በሚነዳ በዕድሜ የገፋ ባለ ታክሲ በ6 ሴኮንድ ተበለጥኩ። ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ አንተ መኪናዋን ትጣላታለህ እንጂ አትነዳትም» አሉኝ።

የተናገሩት ነገር ፍጹም ሳይንሳዊ ነበር። መኪናን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት ጐማዎች ናቸው፤ እያንዳንዱም መሬቱን የሚነካው ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ ስፋት ነው። ለመፍጠን፣ ለመቆምም ሆነ ለመጠምዘዝ የሚያገለግለው ኀይል ሁሉ የሚገኘው በዚያች ስፋት ላይ ካለው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ደግሞ ልክ አለው። ፍሬን ረግጦ ሁሉንም የተጠቀመበት ሾፌር ለመጠምዘዣ የሚቀረው ነገር ስለማይኖር፣ መሪውን ምንም ያህል ቢያዞር መኪናው ወደ ፊት ይንሸራተታል እንጂ አይታጠፍለትም። አንድ ብር ሁለት ጊዜ አይመነዘርም። እኔ ጠምዛዛው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ፍሬን እይዝ ነበር፤ ጋሼ ግን ቀጥ ባለው ላይ ፍሬናቸውን ጨርሰው፣ ፔዳሉን ለቅቀው፣ ከዚያ በኋላ ነበር መሪውን የሚያዞሩት።

ጠምዛዛውም የራሱ ሕግ አለው። የሰበቃው መጠን 0.4 በሆነ የጠጠር መሬት ላይ ሬዲየሱ 20 ሜትር የሆነ ጠምዛዛ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ አያስኬድም። ያንኑ ፍጥነት በእጥፍ ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው ሬዲየሱ አራት እጥፍ፣ ማለትም 80 ሜትር የሆነ ጠምዛዛ ያስፈልገዋል። ይህን ሁላችንም መንገድ ስንነድፍ በወረቀት ላይ እናሰላዋለን። አውቶክሮስ ግን ይህንኑ ስሌት በመቀመጫና በመዳፍ ያስተምራል፤ የተሳሳተ ሰው የሚከፍለው ዋጋም አንድ የተገለበጠ ጀሪካን ብቻ ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከጓደኞቼ መካከል ፈጣኑ እኔ ሆንኩ። ከዚያም በኋላ ነው ለሥራ ወደ ደቡብ ኦሞ የተመደብኩት።

በዱስ መንገድ ላይ

ከቱርሚ ተነሥቶ ወደ ዱስ የሚያመራው መንገድ በደረቅ ቈላ፣ በግራር ቍጥቋጦ መካከል ያልፋል። የዱስ ነዋሪዎች የካራ ብሔረሰብ አባላት ናቸው። በወንዙ ዳር ማሽላ ያመርታሉ፤ ፍየል ያረባሉ። በዚያ አካባቢ መንገድ ማለት መኪና የሚሄድበት ቦታ ብቻ አይደለም። ልጆች መንጋ የሚነዱበት፣ እናቶች እህልና ውኃ ተሸክመው የሚያልፉበት፣ ሽማግሌዎችም በርጩማቸውን ይዘው ወደ ጥላ የሚሄዱበት ነው። መኪና በዚያ ላይ እንግዳ ነው።

እኔ ግን በዚያ መንገድ ላይ ስነዳ እንግዳ መሆኔን ረስቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱን እንደ ትልቅ የአውቶክሮስ ሜዳ እቈጥረው ነበር። እያንዳንዱን ጠምዛዛ በየት በኩል ብገባ ስንት ሴኮንድ እንደማተርፍ አሰላ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳሁ ከአንድ ጠምዛዛ ስወጣ፣ ከፊቴ 50 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ፍየሎች ከቍጥቋጦው ወጥተው መንገዱን ሲያቋርጡ አየሁ። ከኋላቸው ዕድሜው ከአሥር ዓመት የማይበልጥ ልጅ ሊመልሳቸው ይሮጣል።

ፍሬን ያዝኩ። በጨዋታው ላይ የተማርኩትን ሁሉ አደረግሁ፤ መኪናዋም ቀጥ ብላ ሄደች እንጂ አልተገለበጠችም። አንዲት ፍየል ገጨሁ። ልጁ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ድርቅ ብሎ ቀረ። እኔ የቆምኩት ፍየሏን ከገጨሁበት ቦታ 35 ሜትር ያህል አልፌ ነው።

በዚያን ቀን ማታ ስሌቱን ሠራሁት። ሾፌር አደጋውን አይቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ 1 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ የጠጠሩ ሰበቃም 0.4 ነው ብለን እንነሣ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ27 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በ60 የሚሄደው 52 ሜትር፣ በ80 የሚሄደው ደግሞ 85 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የማቆሚያው ርቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዚህም የሚከተለው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። በ40 ብነዳ ኖሮ ፍየሎቹ ዘንድ ከመድረሴ በፊት 23 ሜትር ሲቀረኝ እቆም ነበር። በ80 በመንዳቴ ግን፣ 50ኛው ሜትር ላይ ስደርስ መኪናዋ ገና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄድ ነበር። ይህን ቍጥር የትኛውም የሾፌር ጥበብ አይለውጠውም።

በማግሥቱ ከአንድ አስተርጓሚ ወጣት ጋር ወደ ልጁ አባት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁና የፍየሏን ዋጋ ከፈልሁ። አባትየው ገንዘቡን ተቀብለው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም አንድ ነገር ጠየቁ፤ ወጣቱም ለመተርጐም እያፈረ ነገረኝ። «ልጁ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ምን ይዘህ ትመጣ ነበር?» ነበር ያሉት። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ባዶ ሜዳ የለም

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ጨዋታውን ተውኩት። ጨዋታው ችሎታ ሰጥቶኛል፤ ችሎታውም ትዕቢት ሰጥቶኛል፤ ትዕቢቱም ልጅ ሊያስገድለኝ ነበር ብዬ ደመደምኩ። ይህን ያወቁ አንዳንድ ባልደረቦቼም ፈጽሞ እንድተወው መከሩኝ። ነገር ግን የፕሮጀክቱ ሾፌሮች ስለ ጨዋታው ሰምተው ኖሮ፣ እንዳሳያቸው ደጋግመው ጠየቁኝ። በመጨረሻ፣ ፍጥነትን የሚወድ ሰው ሜዳ ሲከለከል ፍላጎቱን አይተውም፤ ወደ መንገድ ይዞት ይወጣል እንጂ፣ የሚል ሐሳብ አሸነፈኝ። በየከተማው በሌሊት በአውራ ጎዳና ላይ የሚሽቀዳደሙ ወጣቶች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ሜዳ ፍለጋ ወጣን። በመጀመሪያ ያሰብነው በጂንካ ከተማ መካከል የሚገኘውን፣ ቀድሞ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረውን የሣር ሜዳ ነበር። ነገር ግን ሰው የሚያቋርጠው፣ ልጆችም ኳስ የሚጫወቱበት ስፍራ በመሆኑ ሐሳቡን ወዲያው ተውነው። ቀጥሎ ከዱስ አጠገብ በወንዙ ዳር አንድ ሜዳ አየሁ። ደለሉ ደርቆ እንደ አስፋልት ተስተካክሏል፤ ቤት የለበትም፤ ዛፍ የለበትም፤ ካርታዬም ላይ ምንም ምልክት አልነበረበትም። ለእኛ የተዘጋጀ መሰለኝ።

የመንደሩን ሽማግሌ በአስተርጓሚ አማካይነት ፈቃድ ጠየቅሁ። እሳቸውም በትሕትና ይዘውኝ ሜዳው መካከል ሄዱና አፈሩን በበትራቸው ጫር አድርገው የድሮ የማሽላ አገዳ ሥር አሳዩኝ። «ውኃው ሲመጣ እርሻ ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ፍየል ይሰማራበታል፤ ባዶ የሆነበትን ቀን አላስታውስም» አሉ። የግልገል ግቤ 3ኛ ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የኦሞ ዓመታዊ ሙላት እንደ ቀድሞው ስላልሆነ፣ ውኃ ያገኝ የነበረው መሬት ሁሉ ለካራ ሰዎች ምን ያህል ውድ እንደሆነ እኔ ከሁሉ በፊት ማወቅ ነበረብኝ። ነገር ግን የመሐንዲስ ዓይን ቤት ያልተሠራበትን ቦታ ሁሉ ባዶ አድርጎ ያያል። ይህን ከጨዋታው ጋር የተያያዘ ነገር ብቻ አድርጋችሁ እንዳትቈጥሩብኝ እለምናችኋለሁ።

በመጨረሻ ሜዳ ያገኘነው ራሳችን ካበላሸነው መሬት ላይ ነው። ለመንገዱ ሥራ ጠጠር የወሰድንበት፣ ገና ያልተመለሰና ያልተስተካከለ ሰፊ ጉድጓድ ነበር። ወለሉን በግሬደር አስተካከልን፤ መግቢያውን ዘጋን፤ በአራቱም ማዕዘን ጠባቂ አቆምን፤ የፕሮጀክቱንና የመንደሩንም ፈቃድ አገኘን። ሕጉንም አብረን አወጣን። በሜዳው ውስጥ ከአንድ መኪና በላይ አይንቀሳቀስም። ተሳፋሪ አይጫንም። ቀበቶና የራስ መከላከያ ያላደረገ አይነሣም። የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን ሳይቀርብ ሰዓት አይያዝም። የመጨረሻው ሕግ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ በመንገድ ላይ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ሲነዳ የታየ ሰው ለሁለት ወር አይጫወትም። ይህ ሕግ መጀመሪያ የደረሰው በመካከላችን ፈጣን በነበረው ሾፌር ላይ ነው። እሱም ሳያኰርፍ ሁለቱን ወር ሙሉ በየእሑዱ እየመጣ ሰዓት ያዘልን።

የጀሪካኑ ፈተና

በዚህ ሜዳ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም የሰጠን እሽቅድድሙ ሳይሆን ከእሽቅድድሙ በፊት የምናደርገው አንድ ፈተና ነው። ሾፌሩ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ከተሰመረ መስመር ላይ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። ነገር ግን ከመነሣቱ በፊት፣ «እዚህ እቆማለሁ» ብሎ በሚያስበው ቦታ ላይ በገዛ እጁ ጀሪካን ያስቀምጣል።

ለሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ አንድ ታላቅ ሰው ፒክአፕ እየነዱ ሲፈተኑ ጀሪካናቸውን ከመስመሩ 20 ሜትር ላይ አኖሩት። ገጭተውት 15 ሜትር ያህል አለፉና ቆሙ። ከመኪናው ወርደው ወደ ኋላ እየተመለከቱ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ሁለተኛውን ጊዜ 30 ሜትር ላይ አኖሩት፤ አሁንም አለፉት። በሦስተኛው ጊዜ ልክ አገኙት። ሌሎቻችንም ብንሆን በመጀመሪያው ሙከራ ልኩን ያገኘ አልነበረም፤ ሁላችንም ጀሪካኑን ያኖርነው ከሚገባው ቀድመን ነው። ሰው ሁሉ ከሚችለው በላይ ፈጥኖ የሚቆም ይመስለዋል። በመንገድ ላይ ስሕተቱን የሚያርመው ፍየል ወይም ልጅ ነው፤ በሜዳው ላይ ግን ጀሪካን ነው።

እኚያ ሰው ከሳምንታት በኋላ፣ «ኢንጂነር፣ አሁን ቍጥቋጦ ሳይ ጀሪካኑ ይታየኛል» አሉኝ። ስለ አውቶክሮስ የሰማሁት ከሁሉ የሚበልጥ ምስጋና ይህ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ሳይክል ነጂዎች ናቸው። እኛ መንገድ እየሠራን፣ መንገዱን እያስተካከልን፣ ሳንወድም ቢሆን ለፍጥነት በር እንከፍታለን። ስለዚህ ፍጥነት ምን እንደሆነ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በሰውነታችን ልናውቀው ይገባናል።

በየቅርንጫፋችን የተዘጋ ግቢ፣ ሥራ የጨረሰ የጠጠር ጉድጓድ፣ አገልግሎት የማይሰጥ የመሣሪያ ማቆሚያ አይታጣም። ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ባዶ መሰለን ብለን ሳንደፍር፣ ዓመት እስኪዞር አንድ እሑድ እንኳ ከሾፌሮቻችን ጋር ብንሰበሰብና ጀሪካን ብናቆም ወጪው ጥቂት፣ ጨዋታውም አስደሳች ነው። በእሽቅድድሙ ያሸነፈ ይደሰት፤ እኔም ሳሸንፍ እንደምደሰት አልክድም። ወደ ማታ ግን ሜዳው ይዘጋል፤ ሰዓቱ ወደ ኪስ ይገባል፤ ሁላችንም በ40 ኪሎ ሜትር ወደየቤታችን እንመለሳለን።

ወደ ዱስ ስሄድ ያ ልጅ አሁንም በመንገዱ ዳር ፍየሎቹን ይጠብቃል፤ አድጓል። መኪናዋን ሲያይ ፍየሎቹን ሰብስቦ ይቆማል፤ እኔም ቆሜ እሱ እስኪያሻግር እጠብቃለሁ። አንዳንድ ጊዜ እጁን ያነሣልኛል፤ አንዳንድ ጊዜም አያነሣም።